ማሳው ያሳደጋቸው ልጆች፦ ኮልፌ ቀራንዮ ከገበሬ ቀዬ ወደ ክፍለ ከተማ

ከጦር ኃይሎች ወደ ምዕራብ የሚጭን የታክሲ ረዳት የሚጠራቸው ስሞች፣ ዓለም ባንክ፣ ቤቴል፣ አየር ጤና፣ ወይራ፣ ዛሬ ፎቅና ሱቅ የበዛባቸው ሰፈሮች ናቸው። ወደ ወጨጫ ተራራ ቀስ እያለ የሚወጣው ይህ ምድር ከማሳነት የወጣው ግን የአንድ ሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴና ጤፍ ይዘራበት፣ ከብት ይሰማራበት ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ስሙን ከኮልፌ ሰፈርና ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወስዶ ክፍለ ከተማ ሆነ። ስፋቱ ወደ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር ከ400,000 በልጦ ተገኘ።

ስለዚያ መሬት ብዙ ተብሏል፤ ማን እንደያዘው፣ ማን እንደሸጠው፣ ካሳው ስንት እንደነበር። ማሳው ግን እህል ብቻ አያበቅልም ነበር፤ ልጅም ያሳድግ ነበር። እርሻው ሲነሳ አንድ ሙሉ የልጅ አስተዳደግ ሥርዓት አብሮ ተነሥቷል፤ ይህኛው ኪሳራ ግን በየትኛውም የካሳ ሰነድ ላይ አልተጻፈም። ቁጭቴ ይህ ነው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ከአራስ ቤት ነበር። አራሷን ጎረቤት ገንፎ እያገነፋ፣ ውኃ እየቀዳ፣ ታላላቆቹን ልጆች ወደየቤቱ እየወሰደ ያቆያታል። ክርስቲያኑ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣል። ከዚያ በኋላ የገበሬ ሚስት ብዙ የማረፊያ ጊዜ የላትም። አረም ከደረሰ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ትወርዳለች፤ ሲተኛ ማሳው ዳር ጥላ ተፈልጎ ይጋደማል፤ ሲነቃ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት እህቱ ታዝለዋለች። በዚህ ዓይነት ልጁ ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ የሚያየው የእናት አባቱን ሥራ ነው። አባቱ ጠዋት የት እንደሚሄድ፣ ማታ ለምን እንደደከመው ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ጫጩት ከጭልፊት ይጠብቃል። ቀጥሎ ጥጃ ይሰጠዋል። ይህ የጥጃ ጥበቃ በቅርበት ቢታይ ደስ ይለኛል። የአገራችን ላም ጥጃዋ አስቀድሞ ካልጠባት ወተት አትሰጥም፤ ስለዚህ ጥጃው ለአፍታ ጠብቶ ይያዝና ላሚቱ ትታለባለች። ቀን ሁለቱ ከተገናኙ ግን ጥጃው ጠብቶ ይጨርስና ማታ ቅሉ ባዶ ይሆናል። ልጁ የሚጠብቀው እንግዲህ ጥጃውን ከጅብ ሳይሆን ከገዛ እናቱ ነው። ጨዋታ አታልሎት ጥጃው ካመለጠ ቅጣቱን የሚያየው በአባቱ ዱላ ብቻ አይደለም፤ ወተት አጥቶ በሚያለቅሰው ታናሽ ወንድሙም ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የሥራውን ውጤት በዚያው ቀን፣ በዚያው ቤት፣ በሚወደው ሰው ላይ የሚያይበት ሌላ ትምህርት ቤት እኔ አላውቅም።

ከጥጃ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ከብት ያድጋል። አዝመራው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍና ጦጣ ይከላከላል፤ ጉርምስና ሲጀምረው እርፍ ይጨብጣል። ሴቷ ልጅ ከምንጭ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች። እበቱን ከጭድ ለውሳ፣ በመዳፏ አሳስታ፣ ዝናብ ሳይቀድማት ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። የደረቀው ከቤት ፍጆታ ሲተርፍ ከወተቱ፣ ከቅቤውና ከጭዱ ጋር ከተማ ወርዶ ይሸጣል። ጣልያን የአገሬውን ገበያ አሁን መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ካዛወረው ወዲህ ገበያው ለኮልፌ ገበሬ ደጁ ሆነለት፤ እናት ሸክሟን ይዛ ስትወርድ ልጇም የራሷን አነስተኛ ሸክም ይዛ ትከተላለች።

ጨዋታውም ከእርሻው ጋር የተያያዘ ነበር። የገና ጨዋታ በገና የሆነው ለበዓሉ ብቻ አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ አዝመራው ታጭዶ ሜዳው ይለቀቃል፣ እረኛውም እፎይ ይላል። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ይጮኻል፣ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ቀጥፈው በየቤቱ ይዞራሉ። አበባውን የሚለቅሙት ከአበባ ሻጭ ሳይሆን ከቤታቸው ጓሮ ካለው መስክ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባለው አባባል ከጀርባው ብዙ ሐዘን አለበት። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። አያቶቻችን ይወልዱ የነበረበት ጊዜ ከሁለቱም የከፋ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ 18 የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከመንዝ ገበሬዎች ጋር የኖረው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪንም የገበሬ ልጅ ጡት ከጣለ በኋላ በመታዘዝና በዝምታ እንዴት እንደሚገራ ጽፏል። ልጅ አዋቂ ፊት አይናገርም፣ የሚበላውም ትልልቆቹ ሲነሡ ነው። ማሳው ኃላፊነት አስተምሯል፤ ጥያቄ መጠየቅን ግን ብዙ አላስተማረም።

ከሁሉ በላይ ማሳው የገበሬው አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ ያለው መሬት ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ በአብዛኛው የኦሮሞ ተወላጅ የሆነው ነባር አራሽ በቀየው ጭሰኛ ሆነ። ሲሶ አራሽ ወይም እኩል አራሽ ተብሎ ከምርቱ ያካፍላል። ከእህሉ ሌላ የጉልበት ግዴታም ነበረበት። ሚስት ለጌታው ቤት ትፈጫለች፣ ባል አጥር ያጥራል፣ ልጅም የሰው ከብት ያግዳል። የራስን ጥጃ መጠበቅና የጌታን መንጋ መጠበቅ ለአንድ ልጅ አንድ አይደሉም።

በዚሁ የጭሰኝነት ዘመን፣ በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር አንድ እንግዳ ወታደራዊ ሥልጠና ጀመረ፤ ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ከአገሩ ጥሪ መጥቶ ተቋረጠ። ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ ስለ ልጅነቱ ሲተርክ በቁኑ መንደር ገና በአምስት ዓመቱ የበግና የጥጃ እረኛ እንደነበረ፣ በወንጭፍ ወፍ መምታት መስክ ላይ እንደተማረ ይነግረናል። ጓዙን ተሸክሞ በኮልፌ ዙሪያ ባለው ገጠር ሲያልፍ የሚያያቸው ሕፃናት የራሱን ልጅነት የሚኖሩ ነበሩ። እረኝነት የኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ ለሚመስላቸው ይህን ሰው አስታውሳቸዋለሁ።

ሥልጠናውን በበላይነት ይከታተሉ የነበሩት ታደሰ ብሩ ደግሞ ከዚህ ታሪክ ጋር ሌላ ትስስር አላቸው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቀላቅለው ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ። ማኅበሩ አባላቱ በሚያዋጡት ገንዘብ በገጠር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ይሠራ ነበር። የጭሰኛው ልጅ ፊደል ይቆጥር ዘንድ የተደረገ ጥረት ነበር። ማኅበሩ በ1959 ዓ.ም. ታገደ፤ ታደሰም ታሰሩ፤ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ተፈቀደ፤ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የኮልፌና የቀራንዮ ገበሬ በሁለቱ አዋጆች ድንበር ላይ ነበር። ከጭሰኝነት ወጥቶ በገበሬ ማኅበር ታቀፈ፤ የሚበላውን ከማንም ሳይካፈል ልጁን ለማሳደግ የቻለበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናት አባቶችን ከልጆቻቸው እኩል ፊደል አስቆጠረ። ደስታው ግን አልቆየም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ያን በጥጃ ጥበቃ ያደገ ልጅ እርፍ በጨበጠ ማግሥት ወሰደው። በየቤቱ ያልተመለሱ አሉ።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ክልል ውስጥ፣ ከከተማ ቀበሌዎቹ ጎን፣ ከ20 በላይ የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። ከተማዋ ገበሬ እንዳላት በወረቀትም ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሊዝ፣ ሪል ስቴትና ኮንዶሚኒየም በምዕራቡ ዳርቻ ሲገፉ ማሳው በካሬ ሜትር መለካት ጀመረ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለሚነሳው ገበሬ ላለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። ስሌቱ የአሥር ዓመት ገብስና ባቄላ ነው። አንድ ልጅ ግን ለማደግ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ቤት ከአሥር ዓመት ብዙ ቀድሞ አለቀ። አባት ድሮ ባረሰው መሬት ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆነ፣ እናት ጉልት ወጣች። ልጁ አባቱ የት እንደሚውል የማያውቅ ሆነ። የስድስት ዓመት እህትም ማዘሏን ትታ ትምህርት ቤት ገባች፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ሕፃኑን ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ግን እናት ብቻዋን የምትመልሰው ሆነ።

የቤተሰቡም ቅርጽ ተለወጠ። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2፣ የአዲስ አበባ ሴት 1.8 ልጅ ትወልዳለች። ከገጠርነት ወደ ከተማነት በአንድ ትውልድ የተሻገረ የኮልፌ ቀራንዮ ቤተሰብ ይህን ልዩነት በራሱ ቤት ያየዋል። አያት ሰባት ወልዳ ታናሹን በታላቁ አሳደገች፤ የልጅ ልጇ ሁለት ወልዳ የምታዝልላት አጥታለች።

ረጲን ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ ያለው፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ማከማቻ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከተማው ሩቅ፣ ገበሬው ቅርብ ነበር። የከተማዋን ጥራጊ የተሸከመው የገበሬው መሰማሪያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ ሥሩ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ መሬት ልጅ ከማሳደግ ልጅ ወደ መቅበር እንዲህ ሲለወጥ ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ።

በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን የሚያስተሳስረው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲያስነሳ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር ድንበርተኛ ነውና ጭንቀቱ ደጁ ነበር። ዕቅዱ ተሠረዘ። ከዚያ ወዲህ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የገንዘብ ስሌቱን ከፍ ከማድረጉ ሌላ አንድ አዲስ ነገር አመጣ፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ ይከፈላል አለ። ጎረቤት አራስ ሲያርስ፣ ልጅ ሲይዝ የነበረው ዝምድና ዋጋ እንዳለው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር መስማት ትልቅ ነገር ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ቢነገር ኖሮ ደግሞ ምንኛ ይጠቅም ነበር።

እርሻው ጨርሶ አልጠፋም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት የተገኙ የውጭ ዝርያ ላሞች ለአገራችን ዘመናዊ የወተት ልማት መነሻ ሆኑ፤ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ጓሮዎች የሚታለቡት «የፈረንጅ ላም» የሚባሉት ዲቃሎች የዚያ ጅምር ቅጥያ ናቸው። ፉርሽካው፣ ፋጉሎው፣ ጭዱና ከጠላ ቤት የሚመጣው አተላ ዋጋው ንሯል፤ ቤተሰቡ ግን ሌሊት ተነሥቶ ያልባል። ልጆች ዩኒፎርማቸውን ሳይለብሱ በፊት እበት ይጠርጋሉ፣ ለደንበኛ ወተት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ሄደው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚቀርበውን ቁርስና ምሳ ይበላሉ። ሥራው የትምህርት ሰዓትን እስካልነካ ድረስ ከዚህ የተሻለ አስተዳደግ በከተማችን አላየሁም። የከተማ አስተዳደሩ የአርሶ አደርና የከተማ ግብርና መሥሪያ ቤት ካቋቋመ፣ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ስለ ወተትና እንቁላል መጠን ብዙ ይነገራል። ከየጓሮው ስንት ሊትር እንደወጣ የሚመዘግበው ባለሙያ በዚያ ጓሮ ስንት ልጅ እያደገ እንደሆነም በዚያው ቅጽ ላይ ቢጽፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው።

በ1967 ዓ.ም. የሰባት ዓመት እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ስድሳ ተጠግቷል። በአስኮ፣ በቀራንዮና በረጲ እንዲህ ያሉ እናቶችና አባቶች አሉ፤ የትኛው ሕንፃ በየትኛው መስክ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ምንጭ የት እንደነበር፣ ማን ማንን አዝሎ እንዳሳደገ በቃላቸው ይዘዋል። የክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ደብተርና የድምፅ መቅጃ አስይዘው ወደ እነዚህ አያቶች ሊልኩ ይገባል፤ በሚቀጥለው ክረምት ቢጀመርም አይረፍድም።