ማዝዳ ኤምኤክስ-5

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ የሚሠራት፣ ሁለት ሰው የምትይዝና ጣሪያዋ የሚከፈት የስፖርት መኪና ናት። በ1981 ዓ.ም. (1989 እ.ኤ.አ.) በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ቀረበች፤ እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጀመሪያው ሞዴል ክብደት አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ ጎማና የፍሬን ሸራ ቶሎ አይጨርስም። አልፎ አልፎ በውድድር ትራክ ላይ መንዳት የሚወዱ ሰዎች ያገለገለችውን የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

በግዢ ጊዜ ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበው ዝገት ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ሲደፈኑ ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ላይ ማግኔት ካልያዘ በስቱኮ የተሸፈነ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፤ አዲስ ቀለም ማታለሉ የታወቀ ነው። የጨርቅ ጣሪያ መኪና ሲገለበጥ ስለማያድን፣ ብዙ ትራኮች ከመቀመጫው ጀርባ የብረት ቅስት እንዲኖር ያስገድዳሉ።

የቦታ ከፍታም ይቆጠራል። ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ የጉልበቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. (2024 እ.ኤ.አ.) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ፈላጊው የሚመርጠው አስቀድመው አገር ውስጥ ከገቡት መካከል ነው።