የወረ ሼህ ቤትና የዘውዱ ዋስ

ደብረ ታቦር ስትነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አፄ ቴዎድሮስንና የጋፋትን መድፍ ነው። እኔን ግን ከእርሳቸው ይልቅ ከተማዪቱን የቆረቈሯት የራስ ጉግሣ ወገኖች ያሳስቡኛል። ከየጁ ምድር የተነሣው ይህ ቤት «ወረ ሼህ» ይባላል፤ የሼህ ቤተሰብ ማለት ነው። ስሙ ብቻውን ታሪካቸውን ይናገራል፦ አያቶቻቸው ሙስሊሞች፣ እነርሱ ግን ተጠምቀው በክርስትና የኖሩ መሳፍንት ነበሩ።

ከ1770ዎቹ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ታላቅ ሥልጣን ባመዛኙ በዚህ ቤት እጅ ነበር። ንጉሡ በጎንደር ዘውድ ደፍተው ይቀመጣሉ፤ ሹመቱና ዘመቻው ግን የእንደራሴው የራሱ ነው። የሰሎሞን ዘር አይደሉምና ዘውዱን ለራሳቸው አልደፉትም።

በባንክ መስኮት ለሚውል እንደ እኔ ላለ ጸሐፊ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባለጠጋም ቢሆን ዋስ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። የዚያ ዘመን ዋስ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በራስ አሊ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሲዘምቱ፣ ከግብፅ የመጡት አቡነ ሰላማ ከጎናቸው ነበሩ። ራስ አሊም ልባቸው ወደ እስልምና ያደላል ተብሎ ተነገረባቸው። ጦርነቱን ውቤ አሸነፉ፤ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድል ደስታ ላይ ሳሉ የአሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ውቤ ተማረኩ፤ ሐሜቱ ግን አልተማረከም።

ፍጻሜው ደግሞ ከገዛ ቤታቸው መጣ። ራስ አሊ ልጃቸውን ተዋበችን የዳሩለት ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ድል ነሣ። አሊ ወደ አባቶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ። ካሳም በ1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በዚያው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቤት ስንት ትውልድ ቢጠመቅ ነው «የእኛ» የሚባለው? ወረ ሼህ አገሪቱን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ገዙ፤ ጥያቄው ግን ከአያት ስም ወርዶ አያውቅም። ዛሬም አንድን ሰው በሥራው ከመመዘናችን በፊት የአያቱን ስም የምንጠይቅ ከሆነ፣ ዘመነ መሳፍንት አለቀ ማለት የምንችለው በምን አፋችን ነው?