አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስሙ የማን ነው?

«አንድ ጥያቄ አለኝ» ሲባል ብዙ ወላጆቻችን ትዝ የሚላቸው ጳውሎስ ኞኞ ነው። ጳውሎስ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በዚህ አምድ የአንባቢዎችን ደብዳቤ እየመለሰ ሦስት ተራ ቃላትን የራሱ አደረጋቸው። እንግዲህ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የአምድ ስም የማን ነው? የጸሐፊው? የጋዜጣው? ወይስ የአንባቢው?

የአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት መልሱ ቆጠብ ያለ ነው። በመጽሔት ውስጥ የሚታተም አምድ ለብቻው ካልተሸጠ ወይም ለሌሎች ጋዜጦች ካልተሰራጨ በአብዛኛው ራሱን እንደቻለ ሸቀጥ አይቆጠርም፤ ስሙን ማስመዝገብም ቀላል አይደለም። እኛ ዘንድ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለምልክቱ «ይህ የእኔ ነው፤ እንዳትነኩብኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ በጋዜጣ ያወጣ ነበር።

ታዲያ ከአዋጁ በፊት ስም ጠባቂ አልነበረውም? እስቲ ወደ ደቡብ ጎንደር እንሻገር።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የዜማ ስልት በቦታ ስም ይጠራል። ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ነው፤ ቆማ ደግሞ እስቴ። አጫብርም ሌላው ስልት ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ዜማውን ሰምቶ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ይለያል። ልክ እናንተ የለመዳችሁትን አምድ ከመጀመሪያው መስመር እንደምትለዩት ማለት ነው።

ጠባቂውስ ማነው? ፈተናው! ተማሪው ከስማዳም ይምጣ ከሸዋ፣ ዓመታት የፈጀበትን ድጓ ይዞ ቤተልሔም ይሄድና ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ደግሞ እዚያው ጋይንት ወደምትገኘው ዙር አምባ ይወጣል። የንግድ ምልክት «ሌላ ሰው አይጠቀምበት» ይላል። ቤተልሔም ግን «ይጠቀምበት፣ በቅድሚያ ግን ይፈተን» ትላለች።

«እንግዲያው አዋጁ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ቡናችንን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው እሰጥ አገባም ዓለምን አነጋግሮ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። የጋይንቱ መምህር ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይሰማዋል። ሲያትል ሆኖ ቡና የሚጠጣው ሰውዬ ግን ይርጋጨፌን ከየት ያውቃታል? እሱ የሚያየው የተጻፈውን ስም ብቻ ነው። ስም ከባለቤቱ ሲርቅ ሕግ ያስፈልገዋል።

ግን ሕጉ የሚያግደው ሌባን እንጂ ስንፍናን አይደለም። ቤተልሔም ያልቻለውን ሁሉ ብታሳልፍ ኖሮ ስሟን ማንም ሳይሰርቃት ባዶ ይቀር ነበር። አምድም እንዲሁ ነው። ነገ አንዱ ተነስቶ «አንድ ጥያቄ አለኝ»ን በስሙ ቢያስመዘግብ ሰርተፍኬቱን ያገኝ ይሆናል።

ደብዳቤዎቹን ግን ማን ይመልስለታል?