ማሰሪያውን የለቀቀ ግስ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ አጠገብ፣ ወደ ውሃው ገባ ብሎ የሚታየው ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ የአገራችን ብራናዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

ታዲያ ሐይቅ ሲነሣ የምናወሳው ስለ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ብራና፣ ስለ ቀለም። ልጅን የራሱን ዓረፍተ ነገር ማሠራት ግን ሌላ ሙያ ነው። ለእርሱ ከአምባሰል ተራሮች ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ዋድላ መሻገር ያስፈልጋል። ዋድላ እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ የቅኔ ስልት የተሰየመበት አገር ነው።

የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና፣ በ2 ቤት ብቻ ነው። 8 ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። በዚያች ጠባብ ስፍራ ሐሳብን አንድ በአንድ ለመደርደር ቦታ የለም፤ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ግድ ይላል። መምህሩ «ማሰሪያ» የሚሉት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ «መጽአ» ቢል «መጣ» ማለቱ ነው፤ ነገሩ ታሰረ። «ሶበ መጽአ» ቢል ግን «በመጣ ጊዜ» ይሆንና ግሱ ማሰሪያነቱን ይለቃል። ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጠብቃል። ልጁም ይህን ሸምድዶ አይቀርም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ማሰሪያ ከጎደለው ተመልሶ ይቆጥራል።

ቅኔ ቤቱን ለማሞካሸት አይደለም። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ አርጩሜ እየቀመሰ ነው የተማረው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ለሴት ልጅም በሩ ዝግ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት አርጩሜውን ሳይጥል ቆጠራውን ጣለው። የቤተ ክህነት ተማሪ የነበሩት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስው ጻፉልን፤ ባዬ ይማምም በ1987 ዓ.ም. የአማርኛን ዓረፍተ ነገር በዘመናዊ የቋንቋ ሳይንስ ዓይን ተነተኑልን። መጻሕፍቱ አልበደሉም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግን ሰኞ «ጥገኛውን ሐረግ አስምሩበት» እንባላለን፤ ዓርብ ደግሞ ስለ ላም ድርሰት እንጽፋለን። ላም አራት እግር አላት። ላም ወተት ትሰጣለች። ሰኞና ዓርብ ሳይተዋወቁ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ።

ባለፈው ክረምት ለእህቴ ልጅ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሰጠኋት። ልጁ ሐይቅ ዳር ቆመ። ታንኳው ራቀ። አባቱ ታንኳው ላይ ነበር። «በአንድ ማሰሪያ ብቻ ጻፊው» አልኳት። እርሳሷን ነክሳ ቆየችና፦

«አባቱን የያዘው ታንኳ ሲርቅ ልጁ ሐይቅ ዳር ቆመ።»

ጥሩ ነው ልላት ስል ቀደመችኝና ከሥሩ ሌላ ጻፈች፦

«ልጁ ሐይቅ ዳር እንደቆመ አባቱን የያዘው ታንኳ ራቀ።»

በመጀመሪያው ልጁ ጸንቶ ይታየኛል፤ በሁለተኛው ዓይኔ ታንኳውን ተከትሎ ሄደ። የተለወጠው ማሰሪያው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የቱ ነው ልክ?» አለችኝ።

«ታሪኩ የማን ነው?» አልኳት። ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበችና ሦስተኛ መጻፍ ጀመረች።