የአንጎል ካርታ ፍለጋ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2013 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በዋይት ሐውስ ለተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ከባድ የቤት ሥራ ሰጡ፤ የሰው አንጎል እንዴት እንደሚሠራ መርምሩ። መነሻ በጀቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ሐሳቡ ድንገት አልመጣም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት አባት ቡሽም 1990ዎቹን «የአንጎል ዐሥርት» ብለው ሰይመው ነበር። የኦባማ ዕቅድ ግን መሣሪያ ሠሪዎችን አስቀደመ፤ ትክክልም ነበር። 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚከታተል መሣሪያ ከሌለ፣ የአልዛይመርም ሆነ የሚጥል በሽታ አመጣጥ በግምት ይቀራል።

በዚሁ ፕሮግራም ድጋፍ በ2023 ከ3,000 በላይ የአንጎል ሴል ዓይነቶች ተለዩ። በዓመቱ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጠው የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ከ140 ሺህ ገደማ የነርቭ ሴሎቹ ጋር በካርታ ተነሣ።

በዚያው በ2024 የፕሮግራሙ በጀት ከ680 ወደ 402 ሚሊዮን ዶላር ወረደ።