ያልተጫወትኩት ጨዋታ ናፍቆኝ ነበር

ይህ ጽሑፍ እርማት ነው። ጋዜጣ ላይ ቢሆን ኖሮ ከውስጥ ገጽ ጥግ ላይ በሦስት መስመር ይወጣ ነበር። እዚህ ቦታ ስላለ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ ተቋርጦ የሰነበተው ኢንተርኔት ሲመለስ፣ መጀመሪያ ካየኋቸው ነገሮች አንዱ የኮምፒውተር ጨዋታ ወሬ ነበር። «ሲቪላይዜሽን 6» የተባለው ጨዋታ ኢትዮጵያን ጨመረ፤ መሪዋም ዳግማዊ ምኒልክ ሆኑ። ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉበት፣ የኦሮሞ ፈረሰኛ አለበት። እኔም ስሜት ይዞኝ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይል ነበር። እኔ ኢትዮጵያን እዚህ ጨዋታ ውስጥ ያስገባኋት ገና በልጅነቴ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አገራችን ስላልነበረች አፍሪካዊ ነኝ ብዬ ዙሉን መረጥኩ፤ የከተሞቹን ስም እያጠፋሁ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር ብዬ ጻፍኩ። ጋንዲ ጎንደር ላይ አቶሚክ ቦምብ ጣለብኝ። እኔ ግን በመጨረሻ መንኮራኩር ወደ ሌላ ኮከብ ላክሁ።

ብዙ ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰው አጋራው። «የልጅነት ትዝታዬን ቀሰቀስክብኝ» ያሉኝም አልጠፉም። ችግሩ፣ ከጻፍኩት ውስጥ አብዛኛው እውነት አለመሆኑ ነው። አልዋሸሁም፤ እንደዚያ ነበር የማስታውሰው።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ለማታውቁት ጥቂት ልበል። «ሲቪላይዜሽን» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ደርግ የወደቀበት፣ ሶቭየት ኅብረትም ልትፈርስ ወራት የቀሯት ዓመት ማለት ነው። እኔም የተወለድኩት በዚያው ዓመት ስለሆነ እኩያዬ ነው። የሠሩት ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ ናቸው፤ ድርጅቱ ማይክሮፕሮዝ ሲሆን መቀመጫው ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፣ ሃንት ቫሊ በምትባል ቦታ ነበር። በእርግጥ ኮምፒውተር ላይ አገር ማስተዳደር በእነሱ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1968 የጥንቱን የሱመር ንጉሥ ሆነህ እህል የምታከፋፍልበት፣ ሥዕል የሌለው በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ጨዋታ ነበር። በ1980 ደግሞ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ትሬሻም «ሲቪላይዜሽን» የሚል ስም ያለው የገበታ ጨዋታ አውጥቶ ነበር።

የማየር ጨዋታ የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ነው። አንድ የሰፋሪዎች ቡድን ይሰጥሃል፤ ዙሪያህ ጨለማ ነው። ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ፊደል ታገኛለህ፣ ሸክላ ትሠራለህ፣ መንገድ ትዘረጋለህ፣ ከጎረቤት ትዋጋለህ ወይም ትታረቃለህ። የምታሸንፈው ሌላውን ሁሉ አጥፍተህ ወይም መንኮራኩር አልፋ ሴንታውሪ ወደሚባለው ኮከብ ልከህ ነው። ይህ ሁሉ በጥቂት ሜጋባይት ተሠርቶ በፍሎፒ ዲስክ ይሸጥ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ያን ያህል ቦታ ይይዛል።

ለታሪኬ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ማየር ሲጀምር ጨዋታው ሰዓቱ ሳይቆም በራሱ የሚሄድ ነበር። አልጣመውም፤ ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጦት ሲመለስ ተራ በተራ የሚሄድ አደረገው። ስለዚህ አንተ ቁልፉን እስክትጫን ድረስ ዓለም ቆሞ ይጠብቅሃል። ይህችን ያዙልኝ።

የምትመርጠው ከ14 ሕዝቦች አንዱን ነው። ሮማውያን፣ ግሪኮች፣ ቻይናውያን፣ ሞንጎሎች፣ አሜሪካኖች ሁሉ አሉ። ከአፍሪካ ሁለት ብቻ ናቸው፦ ግብፅና ዙሉ። ኢትዮጵያ የገባችው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በአምስተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል ላይ ነው። ያኔ መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ልዩ ችሎታዋም «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል፤ ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጋ ሠራዊቷ ይበረታል።

አሁን ወደ ቤታችን። ኮምፒውተሩን ያመጣው አጎቴ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን በርካሽ ለሠራተኛ ሸጠ። 1994 ዓ.ም. ይመስለኛል። ሌላው ዓለም ከጣለው የቆየ አራት ሰማንያ ስድስት ነበር፤ ለእኛ ግን ከቴሌቪዥኑ በላይ ክቡር ነው። እናቴ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ከእጅ ወደ እጅ ከዞሩ ፍሎፒዎች ጋር ጨዋታው መጣ።

ባለፈው ክረምት የእናቴን ቁም ሣጥን ስናጸዳ አንድ ደብተር ወጣ። ባለ 50 ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። ገልጬ ሳየው የጨዋታው ደብተር ነው። ጨዋታው መሃል ላይ ድንገት ፈተና ይፈትናል፦ ይህ እውቀት ከየትኞቹ እውቀቶች ይገኛል? መልሱ ከጨዋታው ጋር አብሮ በሚሸጠው መጽሐፍ ላይ ስላለ፣ የተቀዳ ይዞ የሚጫወተውን ሌባ ለመያዝ የተሠራ ዘዴ ነው። ካልመለስክ ወታደሮችህ ጥለውህ ይሄዳሉ። እኛ መጽሐፉ አልነበረንም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሁሉም ተመዝግቧል፦ ሥርዓተ ቀብርና ሕግ ሲገናኙ ንጉሣዊ አገዛዝ፤ ጽሕፈትና ሕግ ሲገናኙ ማንበብና መጻፍ። ከእያንዳንዱ እንግሊዝኛ ቃል ጎን ከመዝገበ ቃላት የተፈለገ የአማርኛ ፍቺ አለ።

የእጅ ጽሑፉ የእኔ አይደለም። የታላቅ እህቴ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ። እኔ የነካሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የታንክ ሥዕል አለ፣ ያ የእኔ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ «ግብፅ። ዋና ከተማ፦ አክሱም» ይላል።

ግብፅ! ዙሉ የሚል ቃል ደብተሩ ውስጥ የለም። እህቴ ዱባይ በሒሳብ ሠራተኛነት ነው የምትኖረው። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላትና ደወልኩ።

«ግብፅ ነበርን እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልንሆን ነበር? የዓለም ካርታው ላይ ስትጫወት ዙሉ ታች ደቡብ ነው የሚጀምረው። ግብፅ ዓባይን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ለእኛ ይቀርባል። ሰፋሪዎቹን ወደ ላይ እየነዳሁ ነበር አክሱምን የምቆረቁረው።»

«ጎንደር ላይ የወደቀው ቦምብስ?»

ሳቀች። «ማሙሽ፣ እኛ መቼ ባሩድ አልፈን እናውቃለን? ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ አባባ ዜና ሊያይ ይመጣል።»

ደብተሩም የሚለው ይህንኑ ነው። የተመዘገበው የመጨረሻ ዓመት 1750 ነው። ከሥሩ «መብራት ሄደ፣ ሴቭ አላደረግንም» ተብሎ ተጽፏል። መንኮራኩርም፣ አቶምም የለም።

ታዲያ የጋንዲን ቦምብ ከየት አመጣሁት? ከኢንተርኔት። የጨዋታው አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀ ወሬ አለ። የጋንዲ የጠበኝነት ቁጥር 1 ነበር፤ ሕንድ ዲሞክራሲ ስትቀበል 2 ይቀነስበታል፤ ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች መቁጠር ስለማይችል ቁጥሩ ዞሮ 255 ይሆናል፤ የሰላሙ ሰው አቶም ይዞ ያብዳል። በጣም ያምራል። ግን አልነበረም። ሲድ ማየር ራሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት በመጀመሪያው ጨዋታ እንዳልነበረ ጽፏል። አቶም የያዘ መሪ ሁሉ በዚያው ቃል ያስፈራራ ነበር፤ ከጋንዲ አፍ ሲወጣ ግን ሰው አይረሳውም። ኋላ፣ በአምስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ሠሪዎቹ ለቀልድ ብለው ጋንዲን ሆን ብለው አቶም ወዳድ አደረጉት። ወሬውም ጸና። ዛሬ በየአገሩ ስንቱ ሰው በልጅነቱ ያላየውን ስህተት «አስታውሳለሁ» ይላል። አንዱ እኔ ነበርኩ።

የቦምቡ ነገር ቀላል ነው። የከበደኝ የወንበሩ ነገር ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ቁልፉ ላይ ሆኖ፣ ካርታው ፊቴ ተዘርግቶ በደንብ ይታየኛል። ይህ ውሸት ሊሆን አይችልም አልኳት።

«ውሸት አይደለም፤ ትቀመጥ ነበር» አለችኝ። «እማዬ ስትጠራኝ ወጥ ላማስል እሄዳለሁ፤ ‹ወንበሩን ጠብቅልኝ፣ ምንም እንዳትነካ› እልሃለሁ። ጨዋታው እንደሆነ ካልነኩት አይንቀሳቀስም። ስመለስ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ወታደር ነክተህ ትጠብቀኛለህ።»

ማየር ሰዓቱን ያቆመው ተጫዋቹ ተረጋግቶ እንዲያስብ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ የጠቀማት ግን ወጥ አማስላ፣ ቡና ቆልታ፣ ዕቃ አጥባ እንድትመለስ ነው። እኔ እህቴ ማድቤት እያለች የጠበቅኩትን ወንበር ነው ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ዙፋኔ ያስታወስኩት። ሳድግ ደግሞ ግብፅ መሆናችን ለዘመኑ ወሬ ስላልተመቸኝ ሳላውቀው ወደ ዙሉ አዛወርኩት። መብራት የሄደበት 1750 ደግሞ ለታሪክ መጨረሻ ስለማይሆን መንኮራኩር ጨመርኩበት።

«ታዲያ ያኔ ጽሑፉን ስታነቢ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ደስ ብሎህ ነበር። ደግሞ ሰው ሁሉ ላይክ እያደረገ።»

ደብተሩን ካገኘሁ በኋላ ጨዋታውን ፈልጌ በላፕቶፔ ከፈትኩት። ጨዋታው ራሱ ታሪክን የሚያሳየው እንደኔ ትዝታ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ስድስት ሺህ ዓመት አንድ ሰው ይገዛል፤ አይሞትም፣ አይሻርም። ከተማውን እሱ ቆረቆረ፣ ፊደሉን እሱ አገኘ፣ ፒራሚዱን እሱ ሠራ። ድንጋይ ያነሳው ሰው በስክሪኑ ላይ ከጎን የተደረደረ ትንሽ ምስል ነው። ጨዋታ ስለሆነ ይሁን። እኛ ግን ከጨዋታው ውጭም እንደዚሁ ነን።

ይህ ቻናል ላይ ሳምንት ሳይሞላ «በጃንሆይ ጊዜ እኮ»፣ «በደርግ ጊዜ እኮ» የሚል አስተያየት አነባለሁ። የእህልና የቤት ኪራይ ዋጋ ይጠቀሳል። ተናጋሪው አይዋሽም፤ እሱ እንደዚያ ያስታውሳል። ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ የነበረውን ሰው ብትጠይቁት ሌላ ይነግራችኋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጇ ከቤት ተወስዶባት የቀረችውን እናት ብትጠይቋት ሌላ ትነግራችኋለች። ያንኑ ዘመን ነው፣ ያንኑ አገር። ልዩነቱ ወንበሩ ላይ ማን ነበር፣ ማድቤት ማን ነበር የሚለው ነው። «ሐውልት ይቁም»፣ «ሐውልት ይፍረስ» ከመባባላችን በፊት ያ ሰው ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

ናፍቆት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ያ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር ዛሬም ይናፍቀኛል። በስድስተኛው ጨዋታ ላይ ምኒልክ ተዘጋጅተው ሲመጡም ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን እህቴ ግብፅን እየነዳች በላቲን ፊደል አንድ በአንድ የጻፈቻት አክሱም ትበልጥብኛለች። ናፍቆት የሚጎዳው ብቻውን ለምስክርነት ሲቆም ነው። እኔ ሙያዬ ሰው ጠይቆ መጻፍ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሁለተኛ ምንጭ ሳላገኝ አልጽፍም። ስለ ራሴ ልጅነት ስጽፍ ግን አንድ ስልክ መደወል አልታሰበኝም።

ስለዚህ እርማቱ ይኸውላችሁ። በ2012 ዓ.ም. «ተጫወትኩ» ያልኩት «እህቴ ስትጫወት አየሁ» ተብሎ ይነበብ። «ዙሉ» ያልኩት «ግብፅ» ተብሎ ይታረም። ቦምቡና መንኮራኩሩ ይሰረዙ። የታንኩ ሥዕል የእኔ ነው።

ጨዋታውን ለእህቴ ልኬላታለሁ። እናንተም ቤት አሮጌ ደብተር ካለ ሳይጣል ፎቶ አንሡት። ትዝታችሁን ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ያኔ አጠገባችሁ ለነበረው ሰው ደውሉ።