በስክሪን ምክንያት የሚመጣ የዓይን ሕመም፦ መንስኤው፣ ምርመራው እና ጥንቃቄው

ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ለረጅም ሰዓት ሲመለከቱ የሚሰማ የዓይን ማቃጠል፣ መቆርቆር፣ ብዥታ እና የግንባር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ድካም የሚመጣ ነው፤ በራሱ ዓይንን አያጠፋም። ይሁንና በመንዝ፣ በግሼ እና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች ተመሳሳይ ስሜት የሚፈጥሩ፣ ካልታከሙ ግን ብርሃን የሚነሡ በሽታዎች አሉ። ስለሆነም ሳይመረመሩ «የስልክ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው።

መንስኤው

ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ብቻ ይሆናል። እንባ በዓይን ላይ የሚዳረሰው በመርገብገብ በመሆኑ ዓይን ይደርቃል፤ የደጋው ደረቅ ነፋስም ያባብሰዋል። ቅርብ ለማየት የሚሠሩት የዓይን ጡንቻዎችም ያለ ዕረፍት ይወጠራሉ። መነጽር እያስፈለገው ያላደረገ ሰው፣ በተለይም ዕድሜው ከ40 ዓመት ካለፈ፣ ይበልጥ ይቸገራል።

ከስክሪን ውጪ ያሉ ምክንያቶች

የአማራ ክልል በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ይህ በሠለጠነ ባለሙያ በሚሰጥ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። የኩበት ጭስ እንዲሁም በውቂያ ወቅት የሚገባ ገለባና አቧራም ዓይንን ያቆስላሉ።

ምርመራው

ሰሌዳ አንብቦ «ዕይታህ ደኅና ነው» የተባለ ሰው ሕመሙ ካልለቀቀው ምርመራው አላለቀም። ሰሌዳው በዋናነት የሩቅ ዕይታን ይለካል። የእንባ ሁኔታ፣ የሁለቱ ዓይኖች ቅንጅት፣ የዓይን ግፊት እና የቅርብ ዕይታ ለየብቻ ይታያሉ። ታካሚው ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓይን እንደሆነ መናገር አለበት። ስልክ ባልነካበት ቀንም የሚያመው ከሆነ ይህንኑ ይግለጽ፤ መንስኤው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማልና። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል።

ጥንቃቄው

በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለን ነገር መመልከት፣ ሆን ብሎ ማርገብገብ፣ ስልክን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ እና በጨለማ አለመጠቀም ይረዳል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዓይን ጠብታ መጠቀም አይገባም። ዴክሳሜታዞንን የመሰሉ ጠብታዎች ለጊዜው ቢያስታግሡም፣ ሲዘወተሩ የዓይን ግፊትንና የዓይን ሞራን ያስከትላሉ። የቅጠል ጭማቂም ቁስልን ያመረቅዛል።

ዕይታ በድንገት ከቀነሰ፣ ዓይን ቀልቶ ብርሃን ማየት ካቃተው፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ወይም ሕመሙ ከማስታወክ ጋር ከመጣ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።